«ማስረጃሽ የታለ?»

የእህቴ ልጅ የምህንድስና ተማሪ ነው። እንደ ዘመኑ ልጆች ጆሮው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ታክሲ ውስጥ ይሰማል፣ ሳህን ሲያጥብ ይሰማል፣ እኔ ሳዋራው እንኳ አንዱ ጆሮው ሌላ ቦታ ነው። ባለፈው እሑድ ቡናው እስኪፈላ አንዱን ኢርፎን ከራሱ ጆሮ ነቅሎ እኔ ጆሮ ውስጥ ሻጠና «ጋሼ፣ ይቺን ስማትና የመሰለህን ንገረኝ» አለኝ። ሰማሁ። ሁለተኛው ሲቀዳ ተጣልተን ነበር። በረካውን ሳንጠጣ ተለያየን። ይህን የምጽፈው ያልጨረስነውን ለመጨረስ ነው።

ዝግጅቱ «ሬዲዮላብ» ይባላል። ደብልዩ ኤን ዋይ ሲ ከተባለው የኒውዮርክ ሬዲዮ ጣቢያ የወጣ፣ ሳይንስን እንደ ተረት አጣፍጦ የሚያቀርብ፣ በፖድካስት ብዙ ሕዝብ የሚያደምጠው ዝግጅት ነው። ያኔ አዘጋጆቹ ጃድ አቡምራድና ሮበርት ክረልዊች ነበሩ፤ ዛሬ ሁለቱም ወንበሩን ለሌሎች ለቀዋል። ልጁ ያሰማኝ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 የወጣውን «ቢጫ ዝናብ» የተሰኘ ክፍል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን የላኦስ ተራሮች ነዋሪ ከሆኑት ከህሞንጎች ብዙዎቹ ከአሜሪካ ጎን ተሰልፈው ተዋጉ። አሜሪካ ወጣች፤ እነሱ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ሲይዙ ይታደኑ ጀመር፤ ጫካ ገቡ። ታይላንድ የስደተኞች ካምፕ የደረሱት፣ አውሮፕላን ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነገር እንደሚወርድ፣ ሰውም ከብትም እንደሚሞት ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሄግ ይህን ይዘው ሶቪየት ኅብረትን ከሰሱ። መርዙ ከሻጋታ የተቀመመ ነው ተባለ።

የሃርቫርዱ ማቲው ሜሰልሰንና የንብ ሊቁ ቶማስ ሲሊ ግን ቢጫውን ነጠብጣብ ቢመረምሩት የአበባ ብናኝ ሆኖ አገኙት። ያውም ንብ በልታ፣ ፈጭታ ያስወጣችው። በአጭሩ የንብ ኩስ። ለካ የዚያ አገር ንቦች በመንጋ ወጥተው ሲጸዳዱ ቢጫ ካፊያ የዘነበ ይመስላል። ሊቃውንቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ታይላንድ ሄደው እነሱም ላይ ዘነበባቸው።

ሬዲዮላብ ይህን ይዞ ኤንግ ያንግ የተባሉ፣ ከዚያ እልቂት የተረፉ የህሞንግ አዛውንት ዘንድ ደወለ። አስተርጓሚያቸው የወንድማቸው ልጅ፣ ደራሲዋ ካኦ ካሊያ ያንግ ናት። ክረልዊች ይጠይቃል፦ ቢጫው ነገር ከአውሮፕላኑ ሲወጣ በዓይንዎ አይተዋል? ሰውየው የሆነውን ይናገራሉ፣ እሱ መልሶ ይጠይቃል። ደግሞ ይጠይቃል። በመጨረሻ ካሊያ ድምፅዋ ተሰበረ። የሕዝቤን ሞት ማንም ሊሰማ አልፈለገም፣ እናንተም እንደዚያው ናችሁ ብላ እያለቀሰች ቃለ ምልልሱን ዘጋችው። ከዚያ አዘጋጆቹ ለብቻቸው ስቱዲዮ ተቀምጠው ተወያዩ። ክረልዊች ሴትዮዋ ታሪኩን በሞኖፖል ልትይዘው ፈለገች አለ። ይህ ውይይት አብሮ ተሰራጨ።

አድማጩ ተነሣ። አንዱ ወገን፣ ዘመዶቹ ያለቁበትን ሰው እንደ ተከሳሽ ማፋጠጥ ነውር ነው አለ። ሌላው ወገን፣ ዕንባ ማስረጃ አይሆንም፤ ጋዜጠኛው የሠራው ሥራውን ነው አለ። ክረልዊች በቀናት ውስጥ ስለ ቁጣ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ። ሥልጣኑ ሁሉ በእኛ እጅ ሆኖ ሳለ ሴትዮዋን በሞኖፖል መክሰሴ ስሕተት ነው ሲልም አመነ።

የእህቴ ልጅ የተናደደው በዚህ በይቅርታው ነው። «ጋሼ፣ ሳይንስ በእጅ ብልጫ ይወሰናል እንዴ? አድማጭ ስለጮኸ ንቧ መርዝ ትሆናለች?»

አትሆንም። ይህን እኔም አምናለሁ። ግን አድማጩ የጮኸው በንቧ ላይ ነው? ሜሰልሰን የብናኙን ዓይነት ሲለይ እኔ ምን አገባኝ? ማይክሮስኮፕ በአግባቡ የያዝኩበትን ቀን አላስታውስም። አዘጋጁ ማንን በማዕረግ፣ ማንን በባዶ ስም እንደሚጠራ፣ የሰውን ቃል የት እንደሚቆርጥ፣ የመጨረሻውን ቃል ለማን እንደሚሰጥ ሲወስን ግን ሳይንስ አይደለም የሚሠራው። ትረካ ነው። ይኼ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው፤ ማን ይተርካል? በማን ዓይን? ማን ዝም ተባለ? ካሊያ በኋላ ስትጽፍ ያነሣችው ይኸንኑ ነው። ሊቃውንቱ ከነተቋማቸው ሲተዋወቁ አጎቷ እንዲያው አንድ የህሞንግ ሰው ተብለው ታለፉ። ሁለት ሰዓት ያህል የተነጋገሩት ወደ ጥቂት ደቂቃ ወረደ። አጎቷ በዚያ ተራራ ማር የቆረጡ፣ ንብን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ከቁም ነገር አልተጻፈም። ስለ ንብ ለማውራት ለካ ንብ ማወቅ ብቻውን አይበቃም!

አድማጭ ይህን ለመፍረድ ዲግሪ አያስፈልገውም። ጆሮ ይበቃዋል።

«ቢሆንም ጥያቄው ትክክል ነበር» አለኝ ልጁ። እዚህ ላይ ጠጋ ብለን እንይ። እዚያ ቅጠል ላይ ሁለት ጥያቄ ነበር። አንደኛው፣ ቢጫው ነጠብጣብ ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ሰዎቹን ምን ገደላቸው? ንቧ የምትመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቅጠል የመረመረ ሰው አስከሬን መረመረ ማለት አይደለም። ሽማግሌው እየደጋገሙ የሚመልሱት ሁለተኛውን ነው፤ ጠያቂው እየደጋገመ የሚጠይቃቸው የመጀመሪያውን ነው። ሲወጣ በዓይንዎ አይተዋል? የኔ ወንድም፣ ቦምብ ሲወርድ ቀና ብሎ የሚቆጥር ሰው ለምስክርነት አይተርፍም!

ለክረልዊች የሚገባውን ልስጥ። የሰውየው ጭንቀት ከንቱ አልነበረም። ይኸው የቢጫ ዝናብ ወሬ ሬጋን የኬሚካል መሣሪያ እንደገና እንዲመረት ሲከራከሩ አግዟቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ቆሞ የነበረው ምርትም በ1987 ቀጠለ። በተሳሳተ ማስረጃ መሣሪያ መፈብረክ ያስደነግጣል። ትክክል ነው። ግን ሬጋን ለፈጸሙት የላኦስን ሽማግሌ ማፋጠጥ ምን ይባላል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው።

አሁን ልጁን ዝም ያሰኘሁበትን፣ ቀጥሎ ደግሞ እሱ እኔን ዝም ያሰኘበትን ላውራ።

«አውሮፕላን መርዝ አዘነበብን ብሎ ያልታመነ ሌላ ሕዝብ ታውቃለህ?» አልኩት። አሰበ። «እኛ» አልኩት። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ጣሊያን ይህን የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ አጽድቃለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው አውሮፕላን እየተከታተለ የረጨው የሞት ካፊያ ሰውን፣ ከብትን፣ ውሃንና ግጦሽን እንዴት እንደመረዘ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ነገሩን በይፋ ያመኑት መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ1996። ስድሳ ዓመት! ቆዳው የተላጠው ገበሬ ስድሳ ዓመት «ማስረጃህ የታለ?» ሲባል ኖረ። ማስረጃው ሮም መዝገብ ቤት ተቀምጦ፣ እሱ ግን ከገላው ጠባሳ በቀር የሚያሳየው አልነበረውም።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ነካካ። የዘመኑ ልጅ ሲረታ ስልኩን ያወጣል። ከዚያ ቀና ብሎ «ሞንታኔሊስ?» አለኝ።

ያዘኝ። ኢንድሮ ሞንታኔሊ ስመ ጥር የጣሊያን ጋዜጠኛ ነው። በወጣትነቱ እዚህ ዘምቷል። እዚያው ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም እያለ ከታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ጋር ለዓመታት ተሟገተ። በ1996 ሰነዱ ሲወጣ መሳሳቱን አመነ። «እሱም እኮ የዓይን ምስክር ነበር ጋሼ። የረታው ሰነድ ነው።»

እውነቱን ነው። የዓይን ምስክር ይሳሳታል። የእኛ ጋዝ እውነት መሆኑም የላኦሱን እውነት አያደርገውም፤ ኩሱ ኩስ ነው። ታዲያ ምን ቀረኝ? ይኸ ቀረኝ። ሞንታኔሊ «አላየሁም» ሲል ለብዙ ዓመት ብዙ ሰው አመነው፤ ዓምድ ነበረው፣ ስም ነበረው። የእኛው ገበሬ «አየሁ» ሲል የሚያዳምጠው አጣ። ሁለቱም ምስክር ናቸው። አንዱ ግን ማይክሮፎን ነበረው። ማስረጃ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ማስረጃ የሚጠየቀው ደካማው ብቻ ሲሆን ግን ሳይንስ መሆኑ ይቀርና ዘበኝነት ይሆናል። እነዚያ የሬዲዮላብ አድማጮች የሰሙት ይህንን ነው። ደግ አደረጉ ጮኹ። የሳይንስ ዝግጅት አድማጩ «አሜን» ብቻ የሚልለት ከሆነ ስብከት ነው፤ ለስብከት ደግሞ ሌላ ቦታ አለን።

ይህን ሁሉ ለልጁ በድፍረት ነገርኩት። አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም።

በማስተምርበት ዘመን አንድ ቀን ስለ ሙሾ እያስተማርኩ ነበር። አንድን ሙሾ ጠቅሼ፣ አንድ ሊቅ በጻፉት መሠረት ለአንድ መኳንንት ሞት የተገጠመ ነው አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት የወሎ ልጅ እጇን አወጣች። ድምፅ ያልነበራት ልጅ ናት። «መምህር፣ ይቺን እኮ እናቴ ናት በሰባ ሰባቱ ድርቅ መጠለያ ውስጥ ወንድሜን ስትቀብር ያለቻት» አለች። እኔ ምን አልኩ? መነጽሬን ዝቅ አድርጌ «ማስረጃሽ የታለ?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ቀልደኛ መምህር ነበርኩ። ልጅቷ ተቀመጠች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አላወጣችም።

ዛሬ ሳስበው ሊቁም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሙሾ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ለመኳንንት የተገጠመውን እናትየው ለልጇ አልቅሳበት ይሆናል። እሷ የነገረችኝ ግን ግጥሙ ከየት እንደመጣ ብቻ አልነበረም፤ ወንድሟ እንደሞተም ጭምር ነው። እኔ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነው። ደግሞ እዚያ ክፍል ተቆጥቶ የሚጽፍ አድማጭ አልነበረም። ስለዚህ ይቅርታ አልጠየቅሁም።

የት እንዳለሽ አላውቅም። ይህን ጋዜጣ የምታነቢ ከሆነ ያቺን የእናትሽን ነገር አልጨረስሽልኝም። አሁን እሰማለሁ።