ስለ አውቶሞቢል ቁልፍ

በቅርቡ አውቶሞቢላችን ተጠግኖ ሲመለስልን፥ በያዝነው ቁልፍ በሩ ተከፍቶ ሞተሩም ተነሥቶ ነበርና ሒሳቡን ከፍለን በደስታ ወደ ቤት ገባን። በማግሥቱ ቁልፉን በኮታችን ኪስ እንደ ያዝን ለሥራ ወደ ጎንደር በአውሮፕላን ሄድን። በዚያው ሌሊት ሕፃኑ ታመመ። የቤታችን እመቤት በቤት የቀረውን ሁለተኛውን ቁልፍ ይዛ ብትወጣ፥ በሩን በብረቱ ከፈተችው፤ ሞተሩ ግን አልነሣ አለ። ጎረቤት ደርሶ ሕፃኑን ሐኪም ቤት አደረሰልን።

ኋላ ብንመረምር ቁልፎቹን ለይቶ የሚያውቀው የኤሌክትሪክ ሣጥን በጥገናው ተለውጦ ኖሮ ቁልፎቹ ሁሉ እንደ አዲስ መመዝገብ ነበረባቸው። መካኒኩም የመዘገበው የሰጠነውን አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችንም አውቶሞቢላቸውን ለጥገና ሲሰጡ ቁልፎቹን ሁሉ አብረው ይስጡ። ሲረከቡም ከመክፈላቸው አስቀድሞ በእያንዳንዱ ቁልፍ በሮቹን ይፈትኑ፥ ሞተሩንም ያስነሡ። ሞተሩ እየተነሣ የርቀት መክፈቻው ብቻ እንቢ ቢል ግን፥ ብዙ ጊዜ ያለቀው በቁልፉ ውስጥ ያለው ባለ 3 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነውና መካኒኩን ከመውቀስ በፊት እርሱን መለወጥ ይገባል።