«ይኼን ማን ያነበዋል?»

ከክሬጊበርን፣ ሜልበርን

ባለፈው ዓመት ብዙ ቅዳሜዎችን በምኖርበት በክሬጊበርን ቤተ መጻሕፍት ከአንዲት ኢትዮጵያዊት መምህርት ጋር ተቀምጬ አሳልፌአለሁ። አገር ቤት በአማራ ክልል ካሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በአንዱ ለዓመታት መምህራንን ያሠለጠነች፣ ሃየር ዲፕሎማ የሚባለውን የሙያ ፈቃድ ያገኘች፣ ከዚያም አልፋ ባልደረቦቿን በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያማከረች ሰው ናት። እዚህ ግን ጀማሪ ናት። የቪክቶሪያ የመምህራን ኢንስቲትዩት በጊዜያዊነት መዝግቧት፣ ወደ ሙሉ ምዝገባ ለመሸጋገር ስለ ማስተማር ሥራዋ ማስረጃ ማቅረብ ነበረባት። እኔ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ እንጂ የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። የኔ ድርሻ እንግሊዝኛውን ማቃናትና ቡና መግዛት ነበር። (ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳው በተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም አቀፍ ውድድር የዓመቱ ምርጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ተሸልሟል። እኛ የአፈር ቤታችንን ስናፍርበት ኖርን!)

ሥራው በደህና ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ያልተሳካላትን አንድ ክፍለ ጊዜ አንስታ፣ ለምን እንዳልተሳካና ምን እንዳሻሻለች መጻፍ ነበረባት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ይኼን ማን ያነበዋል?» አለችኝ። በትምህርት ቤትሽ የተመደበችልሽ አማካሪ፣ ከዚያም የሚገመግሙሽ ባልደረቦች አልኳት። «ከዚያስ የት ይቀመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ ሳቅሁ።

ነገሩ የገባኝ ታሪኩን ካጫወተችኝ በኋላ ነው። አንባብያን እንደምታስታውሱት፣ በ1995 ዓ.ም. ኢሕአዴግ «ቴሶ» የተባለውን የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ አወጣ። ከዚያ ከወጡት ነገሮች አንዱ ሃየር ዲፕሎማ ነው። የኮሌጅ መምህራን፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከሥራቸው ሳይለዩ ለአንድ ዓመት ያህል በአሠልጣኝ እየተመሩ በቡድን ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ይመለከታል፤ ተግባራዊ ምርምር ይሠራሉ፤ ስለ ራሳቸው ሥራ የጻፉትን በፖርትፎሊዮ ይሰበስባሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቪ.ኤስ.ኦ. በተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በኩል የመጡ የውጭ ፈቃደኞች አሠልጣኝ ሆነው ሠርተዋል፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን ተረከቡት። የመንግሥት ተቃዋሚ ነኝና ሁሉንም ላጥላላ አልልም። ሐሳቡ ደግ ሐሳብ ነው። ብዙ ኮሌጅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መምህር ከመምህር ጋር ስለ ማስተማር ቁም ነገር ያወራው በዚህ ፕሮግራም ነው። እሷም ራሷ «ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ ይልቅ ያች ዓመት አስተማረችኝ» ትላለች።

ታዲያ ምን ሆነ? በፖርትፎሊዮዋ ውስጥ እውነቱን ጻፈች። ክፍሏ ውስጥ 70 ሠልጣኝ እንዳለ፣ የቡድን ሥራው ለይስሙላ እንደሆነ፣ ግማሾቹ የምታስተምርበትን እንግሊዝኛ እንደማይከታተሉ፣ እሷም ሰዓት ሲያልቅባት ወደ ማስጻፍ እንደምትመለስ አንድ ሳትደብቅ ጻፈች። አሠልጣኟ አመሰገኗት። ከወራት በኋላ በኮሌጁ ግምገማ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ያንኑ ጽሑፍ፣ ቃል በቃል፣ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴን ላለመተግበሯ የራሷ እምነት ቃል» ብሎ አነበበላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታማክራቸውን ባልደረቦች «ጥሩ ጥሩውን ጻፉ» ማለት ጀመረች። ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም።

እዚህ ላይ ነው የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር። ግምገማና የሙያ ምክር መልካቸው መንታ ነው። በሁለቱም ጥቂት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ በሁለቱም አንዱ ስለ ድክመቱ ይናገራል፤ በሁለቱም ማስታወሻ ይያዛል። አንደኛው ሰውን ያሳድጋል፣ ሌላው ያስራል። በ2003 ዓ.ም. የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ሲዘረጋ፣ መምህሩ የትኛው ስብሰባ ለሙያ፣ የትኛው ለፖለቲካ እንደሆነ መለየት አቃተው። አይፈረድበትም።

በሙያዬ የማውቀውን ልጨምር። ድልድይ ላይ ስንጥቅ ያየ ወጣት መሐንዲስ ለአለቃው በነፃነት ካልተናገረ ድልድዩ ይወድቃል። ስንጥቁን የዘገበውን ቀድሞ የሚቀጣ መሥሪያ ቤት ከዚያ በኋላ ስንጥቅ የሌለበት ዘገባ ብቻ ይደርሰዋል።

የኢትዮጵያ ትምህርትም የደረሰው ይኸው ነው። በዚያው ዘመን የተሠራውን ሌላ ጉድ እዩ፦ ቴሶ መምህሩን «ተማሪህን አሳትፍ» ሲል፣ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተሰቅሎ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት መጣ። መምህሩ ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆነ። ዘገባው ግን ሁልጊዜ ያማረ ነበር። ቆይቶ ስንጥቁ አደባባይ ወጣ። ጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ውጤቱን የገለጹት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ናቸው፤ ራሳቸው የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩ፣ በቅንጅት ጊዜ የታሰሩ ሰው። ቁጥሩን ሳይደብቁ ማውጣታቸውን አደንቃለሁ። ነገር ግን ልጆቹን መፈተን አንድ ነገር ነው፤ መምህሩ አፉን እንዲከፍት ማድረግ ሌላ።

«እዚያም እኮ ማስረጃው ለውሳኔ ይቀርባል፣ በአውስትራሊያስ ምን ልዩነት አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ትክክል ነው፣ እዚህም የሚወስን ጉባኤ አለ። የወረቀት ብዛትም መምህራኑን ያስመርራል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የወጣው የአገሪቱ የመምህራን ደረጃ አራት እርከን አለው፤ የመጨረሻው «መሪ መምህር» ነው፤ ሌሎችን ማብቃት ከሥራው አንዱ ነው። በኛም አገር የመምህራን እርከን ውስጥ «መሪ መምህር» የሚል ማዕረግ አለ፤ ለአዲስ መምህርም በወረቀት ላይ የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅና አማካሪ ተፈቅዶለታል። ስሙ አንድ ነው! ልዩነቱ ከመምህሩ ጀርባ የቆመው ነው። እዚህ አማካሪዋ ብታስቀይማት ወይም ጉባኤው ቢበድላት መምህርቷ የምትጠራው ማኅበር አላት፤ ማኅበሩም መንግሥትን በአደባባይ ይሞግታል፣ ሥራ ማቆም ይጠራል።

የኛስ? የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታሰሩ፣ የተፈቱት በ1994 ነው። የማኅበሩ መሪ አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት፣ በ1985፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረዋል። በመጨረሻም በ2000 ዓ.ም. ነባሩ ማኅበር ስሙንና ንብረቱን በፍርድ ቤት ተነጠቀ፤ በሌላ ስም ለመመዝገብ ያቀረበውም ጥያቄ ተቀባይነት አጣ። ይህ ሁሉ የፖለቲካ ታሪክ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን ያቺ መምህርት እስክሪብቶዋን ባስቀመጠች ጊዜ አየሁት። የሚከላከልለት የሌለው መምህር እውነተኛ ፖርትፎሊዮ አይጽፍም፤ ምንም ያህል ፈረንጅ አሠልጣኝ ይምጣለት።

ዛሬ ደግሞ የባሰ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ መምህሩ በሁለት በኩል ይፈራል። በዚህ ጊዜ ስለ ምዘናና ፈቃድ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የሚገባው ያው መምህር አይደለም እንዴ?

እኛ በውጭ ያለነው፣ በየስብሰባችን እርስ በርስ የምንገማገምበትን አመል መተው ቢያቅተን እንኳ፣ ሁለት ነገር ማድረግ እንችላለን። አንደኛው የምናውቀው ነው፦ መንግሥት ላይ ጫና ስናደርግ የነፃ መምህራን ማኅበርን ጉዳይ ከዝርዝራችን ግርጌ ወደ ላይ እናውጣው። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ሥራ ነው። በሜልበርን ብቻ የሚያስተምሩ፣ አማካሪ ሆነው የሠሩ፣ ጡረታ የወጡ ኢትዮጵያውያን መምህራን አሉ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ሁለት ለሁለት በስልክ። ኮሚቴ አያስፈልግም፣ ማኅተም አያስፈልግም፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሕዝብ ማሳየትም ይቅር። ማስታወሻው አገር ቤት ባለው መምህር እጅ ይቆይ፤ ለኛም ቢሆን አይላክ።

መምህርቷ ሙሉ ምዝገባዋን አግኝታለች፤ ያን ገጽ በመጨረሻ ጻፈችው፣ ሦስት ቅዳሜ ፈጀባት። አሁን ከድሮ ባልደረቦቿ ከአንዷ ጋር መስመሩ በተገኘ ጊዜ ትደዋወላለች። የሰዓቱ ልዩነት 7 ነው፣ እዚህ በጋ ሲሆን 8። ያኛውን የሚመች ሆኖ ያገኙት እሑድ ነው፤ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል።