የጭቃ ሎሚ



በሰቆጣም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋዎች የሚያድግ ልጅ መጫወቻው ጭቃ ነው። ሎሚና በለስ አድቦልቡሎ ሲያመጣልን ግን አንዳንዶቻችን «ምስል ሐራም ነው» ብለን እንሰብርበታለን፤ ሌሎቻችን «ሸክላ ሠሪ ልትሆን ነው?» ብለን እናሸማቅቀዋለን።

ሁለቱንም እንመርምር። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ምስል በመሥራት የሚተዳደር ሰው ኢብን ዐባስን (ረ.ዐ) ሲጠይቃቸው፣ ነፍስ ካለው አስጠንቅቀው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን እንዲሠራ መክረውታል። ፍራፍሬም ከዚሁ ነው። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም።

ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» ብሎ መሸሽ ግን የጃሂሊያ ቅሪት ነው። ሰው ከእጁ ሥራ ከሚያገኘው የተሻለ ምግብ እንደማይበላ፣ ነቢዩ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በሐዲሥ ተነግሯል።

በውጭ አገር ለዚህ ሥራ ፖሊመር ክሌይ የሚባል ሰው ሠራሽ ጭቃ አለ። በኤሌክትሪክ ምድጃ በ130 ዲግሪ ገደማ ይጠነክራል፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ግን ከሰል ላይ ካረረ ጎጂ ጭስ ያወጣል። ለእኛ የሸክላ አፈር ይበቃናል። አፈሩን ነፍቶ፣ ጥቂት አሸዋ ጨምሮ ማሸት፤ ፍሬውን በስንጥር መብሳት፤ በጥላ ለቀናት ማድረቅ። እርጥቡ እሳት ከገባ ይፈነዳልና መተኮሱ የአዋቂ ሥራ ይሁን። ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይውጡትም እንጠንቀቅ።

ልጃችን ነገ የጭቃ ሎሚ ሲያመጣልን «ማሻአላህ!» እንበለው።

ወላሁ አዕለም።