ድልድዩ ስድስት መስመር አለው፤ መንገዱስ?

ቲክቶክ ላይ ባሕር ዳርን ብትፈልጉ፣ ማታ ማታ በመብራት የሚያሸበርቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሳይመጣላችሁ አይቀርም። እኔም ፎቶ ተነስቼበታለሁ፤ አልዋሽም። ግን የኢኮኖሚክስ ተማሪ አመል ሆኖብኝ፣ ፎቶውን ከለጠፍኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፦ ይህ ድልድይ ለአካባቢው ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

የወጣበት ገንዘብ ይታወቃል። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት የመኪና መስመር፣ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድም አለው። ወጪና ጥቅም ግን አንድ አይደሉም።

ጥቅሙ የሚገባን የድሮውን ስናስታውስ ነው። 60 ዓመት ገደማ ያገለገለው ድልድይ ጠባብ ነበር። ተማሪ እያለሁ ዘንዘልማ ወዳለው ጓደኛዬ በብስክሌት ስሄድ፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና ከመጣ ትንፋሼን ውጬ ነበር የምሻገረው። ብስክሌት ለባሕር ዳር ሰው መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ሥራና ትምህርት ቤት መሄጃ ነው። የራሱ መስመር ማግኘቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን የሚሻገረውን ጭነት እዩ። የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደርና መተማ የሚሄደውም እንዲሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ያረጀ ድልድይ ላይ ሲንጠለጠል፣ ድልድዩ አንድ ቀን ቢታመም ገበያውም አብሮ ይታመማል። ስለዚህ አዲሱ ድልድይ ከፍጥነት ይልቅ የሰጠን መተማመኛ ነው።

እዚህ ጋ ነው ችግሩ የሚመጣው። ኢኮኖሚክስ ውስጥ "ተደጋጋፊ ዕቃዎች" የሚባል ነገር አለ። ቻርጀር የሌለው ስልክ አስቡ፤ የፈለገ ውድ ቢሆን ባትሪው ካለቀ በኋላ ምን ይሠራላችኋል? ድልድይም ጥቅሙ የሚወሰነው ከሁለቱም ጫፍ ባለው መንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርቱ ገበሬው ጋ ይበሰብሳል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል። ሻጩም ገዢውም ይከስራሉ። ምጥ የያዛት እናትም ከገጠር ወጥታ ሆስፒታል ለመድረስ ትቸገራለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው የድልድዩ ስድስቱም መስመሮች ክፍት እያሉ ነው።

"ታዲያ ባይሠራ ይሻል ነበር?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በፍጹም! ድልድይ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሀብት ነው፤ ነገ ሰላም ሲሆን ይህን ያህል ጭነት የሚችል መሻገሪያ ከዜሮ መጀመር አይኖርብንም። እኔ የምለው፣ የድልድዩን ስኬት በምረቃው ቀን ጭብጨባም ሆነ በፎቶው ብዛት አንለካው ነው።

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። የፎገራ ገበሬ ማሳው ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ስንት ሸጠ? እኛስ ባሕር ዳር ገበያ ስንት ገዛነው? በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የጠበበ ቀን፣ ያኔ ድልድዩ በእርግጥ ተመረቀ እላለሁ።