የሚኒያፖሊሱ «ክራሽ»

እ.ኤ.አ. በ1981 በ«ዴር» አልበም የእንግሊዙ ባንድ የሂውማን ሊግ ፍቅር የያዘው ሰው፣ በ1986 «ክራሽ»ን ሰምቶ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። የሼፊልዶቹ ልጆች ዓለምን ያስጨፈሩት ማሽኑ ማሽን መሆኑን ሳይደብቁ ነበር። አዲሱ አልበም ግን የተሠራው ባሕር ማዶ፣ ሚኒያፖሊስ፣ በዚያው ዓመት የጃኔት ጃክሰንን «ኮንትሮል» ባዘጋጁት በጂሚ ጃምና በቴሪ ሉዊስ እጅ ነው። ድምፁ ሁሉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሽቶ ተረጭቶበት ወጣ። አድናቂው ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ ቢወረውረው ምን ይገርማል?

ዛሬ መልሶ ሲሰማው ግን ያ ልስላሴ ራሱ ነው ጆሮውን የሚይዘው። ሁለቱ አዘጋጆች የደረሱትን «ሂውማን» የተሰኘ ዘፈን እንውሰድ። ኪቦርዱ ሐር ነው፣ ከበሮውም ረጋ ያለ። በዚህ ሁሉ ምቾት መሐል ግን የባንዱ ድምፃዊ የፊል ኦኪ ወፍራምና ደረቅ ድምፅ፣ የተዋሰው ሱፍ እንደጠበበው ሰው ተገትሮ ጥፋቱን ይናዘዛል። ከዚያ የባንዱ ድምፃዊት ጆአን ካትሮል ዜማውን ትታ በተራ ንግግር የራሷን ጥፋት ትናገራለች። በሶል ድምፃዊ ጉሮሮ ቢሆን ኖሮ ያው የተለመደ የይቅርታ ዘፈን ይሆን ነበር። ኑዛዜውን አሳማኝ የሚያደርገው የኦኪ አለመመቸት ነው። አሜሪካውያንም አንደኛ ደረጃ ላይ አውጥተውታል። (እርግጥ «ስዋንግ»ን አሁንም መዝለል ይቻላል፤ ሼፊልድ ፈንክ ልትጨፍር ሞክራ እግሯ የተሳሰረበት ነው።) የመጨረሻው ዘፈን «ላቭ ኢዝ ኦል ዛት ማተርስ» ላይ ሲደርስ ግን ያ የድሮ አኩራፊ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።