የሠርቶ አደሩ አሻራ በማን እጅ ነው?

በአንጎለላና ጠራ ወረዳ በጫጫ ከተማ የሚኖር ሠራተኛም ሆነ ገብሱን ለገበያ የሚያወጣ ገበሬ ጉዳይ ለማስፈጸም በሄደበት ሁሉ «ፋይዳ አውጥተሃል?» መባሉ እየተለመደ ነው። በአዲስ አበባ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የባንክ ሒሳብ መክፈት ያለዚህ መታወቂያ የማይቻል ሆኗል።

መታወቂያውን አንቃወምም። ወረቀት የሌለው ድኻ በየቢሮው ደጃፍ ምስክር ሲለምን ኖሯልና። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ይህ ሥርዓት ብሔርን አለመመዝገቡም «ብሔር» የሚል ረድፍ ከነበረበት የቀበሌ ወረቀት የተሻለ ያደርገዋል። በሩዋንዳ በ1986 ዓ.ም. መሰል ረድፍ በየኬላው የሞት መለያ ሆኖ እንደነበር አይዘነጋም።

ሆኖም መዝገብ የተከፈተለትን ዓላማ ብቻ ሲያገለግል አይኖርም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተቋቋሙት ቀበሌዎች ለነዋሪው ስኳርና ጨው አከፋፍለዋል። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድም ነዋሪውን ከእንግዳው የሚለዩት እነዚያው ቀበሌዎች ነበሩ። ያ መዝገብ ግን ወረቀት ነበር። የአሁኑ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይዟል፤ የጠፋ ወረቀት ይተካል፣ የተሰረቀ አሻራ ግን በምን ይተካል?

ይህን የተገነዘቡ ሌሎች ሕዝቦች ዝም አላሉም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁዱማ ናምባ የተባለውን ካርድ ማደል ሕገ ወጥ ነው ያለው በግል ምስጢር ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ ባለመጠናቱ ነበር። በሕንድም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የግል ኩባንያዎች የአድሃርን ቁጥር አስገድደው እንዳይጠይቁ ከልክሏል።

በአገራችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይሁንና አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ስለታተመ ብቻ የባለጉዳዩን መታወቂያ ቅጂ ከመስኮት ጀርባ ካለው ክፍት መሳቢያ አያወጣውም! ባለ 12 አሃዙ ቁጥር በየሥፍራው እንዳይበተን ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥር የተዘጋጀው በከንቱ አይደለም፤ ስንቱ ነዋሪ ይህን ተነግሮታል?

ስለዚህ ጉዳዩ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በጫጫም ሆነ በደብረ ብርሃን በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ የሚከተለው በአጀንዳ እንዲያዝ እንጠይቃለን፦ ቅጂውን የሚጠይቀው ቢሮ ለምን ይፈልገዋል፣ ማን ያየዋል፣ መቼስ ያስወግደዋል?