አንድ መኪና፣ ሁለት ቁጥር፦ በሶኬት የሚሞላ የቤተሰብ ሃይብሪድ እንዴት ይመዘን?

ስለ አንድ መኪና የነዳጅ አጠቃቀም ጥያቄ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምንጠብቀው መልስ አንድ ቁጥር ነው። ሻጭ ቁጥሩን ይናገራል፤ ገዢ ከኪሱ ጋር ያመዛዝነዋል፤ መንግሥትም ታክሱንና ማበረታቻውን በዚያው ቁጥር ላይ ይመሠርታል። መኪናው በቤንዚን ብቻ የሚሠራ ሲሆን ይህ ልማድ እምብዛም አያሳስትም። በቤንዚንም፣ ከግድግዳ ሶኬት በሚሞላ ባትሪም የሚሠራ ሲሆን ግን አንድ ቁጥር ብቻውን እውነቱን ሊሸከም አይችልም። በዚህ ጽሑፍ በአውሮፓ ገበያ እጅግ የታወቀን አንድ የቤተሰብ መኪና በምሳሌነት ወስደን፣ እንዲህ ያለው መኪና እንዴት ሊመዘን እንደሚገባ ያለንን አስተያየት እናቀርባለን።

መኪናው እንዴት ይሠራል?

የምንነጋገርበት መኪና ሚትሱቢሺ አውትላንደር ፒ ኤች ኢ ቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ በጃፓን፣ በዚያው ዓመት መገባደጃ በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች፣ በ2014 ደግሞ በብሪታኒያ ለሽያጭ ቀረበ። ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቆም፣ በተለምዶ ኤስ ዩ ቪ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ክብደቱ 1,800 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ከፊቱ ባለ ሁለት ሊትር የቤንዚን ሞተር ነበረው። ከዚህ ሌላ አንዱ የፊት ጎማዎችን፣ ሌላው የኋላ ጎማዎችን የሚያዞሩ፣ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎዋት ኃይል ያላቸው ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ተገጥመውለታል። 12 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል።

ባትሪው ሞልቶ ሳለ መኪናው የቤንዚኑን ሞተር ሳያስነሳ በኤሌክትሪክ ብቻ ይጓዛል። ባትሪው ሲሟጠጥ የቤንዚኑ ሞተር ጄኔሬተር እያዞረ ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ኃይል ያቀርባል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲጓዝ ደግሞ ራሱ ጎማዎቹን በቀጥታ ያዞራል። ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጠው፣ በሌላ መኪና ላይ በፍሬን ሸራ ሙቀት ሆኖ ከሚጠፋው ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳሉ። ከቤት ሶኬት ለመሙላት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚበቃው፣ ማታ የተሰካ መኪና ጧት ሞልቶ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ ነጥብ ማንሳት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይዟል። ስለሆነም ያ ትልቅ ባትሪ ሙሉ ሆኖ የሚይዘው ጉልበት ከአንድ ሊትር ተኩል ቤንዚን ያነሰ ነው። ሆኖም የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚቀበለው ጉልበት አብዛኛውን ወደ እንቅስቃሴ ሲለውጥ፣ የቤንዚን ሞተር ከግማሽ የሚበልጠውን በሙቀት መልክ ያባክናል። በመሆኑም የመኪናው ጥቅም ሁሉ ያረፈው በዚያች ትንሽ የጉልበት ማከማቻ ላይ ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘውም በየዕለቱ እየተሞላች እንደገና ስትሟጠጥ ነው። ባለቤቱ ካልሞላት ባትሪዋ ሸክም ሆና ትቀራለች።

1.9 ሊትር ከየት መጣ?

መኪናው በአውሮፓ ለገበያ ሲቀርብ ይፋ የሆነው የነዳጅ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 1.9 ሊትር፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም በኪሎ ሜትር 44 ግራም ነበር። አምስት ሰው ከነሻንጣው ለሚይዝ፣ አራቱም ጎማ ለሚጎትት መኪና ይህ የሚያስገርም ቁጥር ነው። ለመሆኑ እንዴት ተገኘ?

በጊዜው የነበረው የአውሮፓ ደንብ መኪናውን በላቦራቶሪ ሮለር ላይ ሁለት ጊዜ ይፈትነዋል፤ አንዴ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ አንዴ ባዶ ሆኖ። ባትሪው ሙሉ ሲሆን መኪናው የፈተናውን 11 ኪሎ ሜትር በኤሌክትሪክ ብቻ ስለሚጨርሰው የቤንዚን ፍጆታው ዜሮ ነው። ባትሪው ባዶ ሲሆን ፍጆታው 5.8 ሊትር ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ውጤቶች በቀመር ይደባለቃሉ። ቀመሩ ባለቤቱ በሞላው ባትሪ 52 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ፣ እንደገና እስኪሞላ ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ በቤንዚን ይነዳል ብሎ ያስባል። ከ77 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቤንዚን የሚነድባቸው 25 ብቻ ናቸው ማለት ነው። አንባቢ 5.8ን በ25 አባዝቶ ለ77 ቢያካፍል 1.9 ያገኛል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣም፣ 1.9ን በ2.3 ቢያባዛ ለ100 ኪሎ ሜትር 4.4 ኪሎ ግራም፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር ደግሞ 44 ግራም ይደርሳል።

ስሌቱ እንከን የለውም። ችግሩ ከስሌቱ በፊት በገባው ግምት ላይ ነው። 52 ኪሎ ሜትር የሚለው የመኪናው ጠባይ ነው፤ 5.8 ሊትርም እንዲሁ። 25 ኪሎ ሜትር የሚለው ግን የሰው ጠባይ ነው። ሮለሩም ሆነ የጭስ መለኪያው ስለ ሰው ጠባይ የሚነግሩን ነገር የለም። ይፋው ቁጥር የማሽን መለኪያ መስሎ ቢቀርብም በውስጡ ስለ ባለቤቱ የተነገረ ትንቢት ተሸሽጎ ነበር።

መንገዱ ምን መሰከረ?

በዚህ ቁጥር ላይ የተመሠረተው ውሳኔ ቀላል አልነበረም። በኔዘርላንድስ ከ50 ግራም በታች የሚያወጡ የመሥሪያ ቤት መኪኖችን ለግል ጉዳይ የሚነዱ ሠራተኞች በዚያ ጥቅም ላይ የሚታሰበው የገቢ ግብር ይቀርላቸው ነበር። ይህ ዕድል እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ሊያበቃ በመሆኑ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ሁለት ወራት በሺዎች የሚቆጠሩ አውትላንደሮች ተሸጡ። በብሪታኒያም ገዢዎች እስከ 5,000 ፓውንድ የሚደርስ ድጎማ ያገኙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታኒያ አንድ የመኪና ወጪ ተቆጣጣሪ ድርጅት ወደ 1,500 የሚጠጉ በሶኬት የሚሞሉ የመሥሪያ ቤት ሃይብሪዶችን መዝገብ መረመረ። መኪኖቹ በማስታወቂያ የተነገረላቸው አማካይ ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 2.2 ሊትር ያህል ሲሆን፣ በተግባር የተገኘው ግን 7.2 ሊትር ያህል ነበር። አንዳንድ መኪኖች የአገልግሎት ዘመናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የመሙያ ገመዳቸው ከነመጠቅለያው ተገኝቷል። መኪናው ድጎማ አግኝቷል፤ ሶኬቱን ግን አንድ ቀንም አላየውም። በዚያው ዓመት የብሪታኒያ መንግሥት ለእነዚህ ሃይብሪዶች የሚሰጠውን ድጎማ አቆመ። የአገራችን ሰው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ምናልባት ጥፋቱ የአሮጌው ፈተና ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእርግጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አውሮፓ ለእውነተኛ መንገድ የቀረበ አዲስ ፈተና ሥራ ላይ አውላለች። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2021 የተመዘገቡ መኪኖች ራሳቸው ከመዘገቡት መረጃ ተነስቶ በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በሶኬት የሚሞሉ ሃይብሪዶች በመንገድ ላይ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላቦራቶሪው በአማካይ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሮለሩን ማሻሻል ብቻውን አልበቃም፤ በቀመሩ ውስጥ የተቀመጠው ትንቢት እንደነበረ ቆይቷልና። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ተገንዝቦ ከ2025 ጀምሮ ቀመሩ ለኤሌክትሪክ ጉዞ የሚሰጠውን ድርሻ ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ደንብ ተግባራዊ ማድረግ ጀምሯል።

ሦስት ባለቤቶች

ታዲያ መኪናው ማታለያ ነውን? አይደለም። ይህንን ለማሳየት ሦስት ባለቤቶችን በሐሳባችን እንፍጠር። ለስሌት እንዲያመቸን አንድ ሙሌት በመንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፣ ባትሪው ሲያልቅም መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይፈጃል እንበል።

የመጀመሪያው ቤተሰብ መኪናውን በግቢው አቁሞ በየማታው ይሰካል። በዓመት 250 ቀን ልጆችን ለትምህርት ቤት፣ ወላጆችን ለሥራ ሲያመላልስ በቀን 30፣ በዓመት 7,500 ኪሎ ሜትር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ለረጅም ጉዞ ደግሞ 4,500 ኪሎ ሜትር በቤንዚን ይነዳል። የዓመት ፍጆታው 360 ሊትር፣ አማካዩም በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ይሆናል።

ሁለተኛው ቤተሰብ ልክ ያንኑ 12,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ነገር ግን የሚኖረው ፎቅ ላይ ሲሆን መኪናውን የሚያቆመው ሶኬት በሌለበት ጎዳና ነው። ፍጆታው 960 ሊትር ይደርሳል።

ሦስተኛው የመሥሪያ ቤት መኪና የያዘ ሠራተኛ ነው። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር በአውራ ጎዳና ሲሮጥ በሳምንት አንዴ ብቻ ይሞላል፤ በዓመት 50 ሙሌት፣ ማለትም 1,500 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የቀረው 28,500 ኪሎ ሜትር 2,280 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል። ይህ ሰው ሰነፍ ስለሆነ ነው ብለን አንፍረድበት። ቤንዚኑን መሥሪያ ቤቱ ይከፍልለታል፤ የቤቱን መብራት ግን ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ገመዱን ከመጠቅለያው የሚያወጣበት ምክንያት አልተሰጠውም።

መኪናው አንድ ሆኖ ሳለ የሦስቱ ባለቤቶች ውጤት ይህን ያህል ተራራቀ። ለመጀመሪያው ቤተሰብ መልካም ግዢ ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ግን የማይጠቀሙበትን ባትሪ በገንዘብ ገዝተው በቤንዚን ያመላልሳሉና ቀለል ያለ መኪና በተሻላቸው ነበር።

የኤሌክትሪኩ ምንጭም ሊዘነጋ አይገባም። መኪናው በተሠራበት በ2013 ከብሪታኒያ ኤሌክትሪክ ከሲሶ በላይ የሚመነጨው ከድንጋይ ከሰል ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2024 የመጨረሻው የከሰል ጣቢያ ተዘጋ። የመጀመሪያው ቤተሰብ በብሪታኒያ የሚኖር ቢሆን፣ በመኪናው ላይ አንዲት ብሎን ሳይቀየር ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ጉዞ ከበፊቱ ይልቅ ንጹሕ ሆኖለታል። መኪናቸውን የማይሰኩት ግን ከዚህ ለውጥ የሚደርሳቸው የለም።

አስተያየታችን

አንዳንዶች ሕግ ያለ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሊሠራ አይችልም፣ ገዢውም በብዙ ቁጥር ግራ ይጋባል ይላሉ። ክርክሩ ጨርሶ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እኛ ሰውን ግራ የሚያጋባው የቁጥር ብዛት ሳይሆን ቁጥሩ ያለ ሁኔታው መነገሩ ነው እንላለን። በመሸጫው ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ባትሪው ሳይሟጠጥ የሚያስኬደው ርቀትና ከተሟጠጠ በኋላ የሚፈጀው ቤንዚን። የቀረውን ማባዛት ለገዢው እንተውለት፤ የየዕለት መንገዱን ርዝመት ከማንም ቀመር ይልቅ እርሱ ያውቀዋልና። ማበረታቻ የሚሰጥ መንግሥትም ከ2021 ወዲህ በአውሮፓ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች የነዳጅ ፍጆታቸውን ራሳቸው ስለሚመዘግቡ፣ ጥቅሙን ከትንቢት ጋር ሳይሆን ከተመዘገበው ጋር ማያያዝ ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ገንዘቡ መኪና ከመግዛት ይልቅ ሶኬት ለመዘርጋት ቢውል የተሻለ ፍሬ ይሰጣል ብለን እናምናለን።

ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ መኪኖች በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆኗል። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ከሶኬት የሚገኝ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከብዙ አገሮች ይልቅ ንጹሕ ነው። ነገር ግን «በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚለው የኤሌክትሪክ መኪና ቁጥርም በውስጡ ሁኔታ አለው፤ በምን ፍጥነት፣ በምን ዳገት፣ በስንት ጭነት? በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ቤተሰብስ መኪናውን የት ይሰካል? መብራት የጠፋ ዕለትስ?

ከተማሪ አንባቢዎቻችን መካከል ነገ መኪና የሚገዙ፣ የሚሸጡ፣ የሚፈትኑ፣ ለታክሱም ደንብ የሚያረቁ ይኖራሉ። ለእነርሱ ያለን ምክር አጭር ነው። ቁጥር ሲቀርብላችሁ አትናቁት፤ እንዳለም አትዋጡት። ከየትኛው መለኪያ እንደመጣና ከየትኛው ግምት እንደተቀላቀለ ጠይቁ። በዚህ መኪና ላይ ያ ጥያቄ በጊዜው ቢነሳ ኖሮ፣ መልሱ ከአንድ ቀላል ማባዛትና ማካፈል በላይ አልነበረም።